አሻራው ሲገጥም

ፀዳለ ክፉ ነገር ከመድረሱ በፊት ይታወቃታል ይላሉ ጎረቤቶቿ። ታውቋት አይደለም፤ ሁልጊዜ ስለምትጠብቀው ነው። ዝናብ ሲያጉረመርም ጣሪያው ተገንጥሎ ይታያታል። ስልክ ያለ ልማዱ ሲጮህ መርዶ ይታያታል። ልጅ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየ አየር ጤና አደባባይ ላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ይታያታል። ብዙውን ጊዜ ፍርሃቷ ባዶ ሆኖ ይቀርና ራሷም ትስቅበታለች። አንዱ ግን ባዶ ሆኖ አልቀረም። አንድ ልጇ ናዝራዊት፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ታማ ሞተችባት።

ናዝራዊት ሁለት ነገር ትታላት ሄደች፤ ሆሳዕና የምትባል ትንሽ ልጇንና ጠርዙ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ።

የናዝራዊት ሥራ ሰርቨር መጠበቅ ነበር። ሰርቨር ማለት፣ ለእናቷ እንደገባት፣ ሌላ ሰፈር ቁጭ ብሎ ሌትና ቀን የማይጠፋ፣ ሰው ካለበት ሆኖ ያስቀመጠውን የሚያወጣበት ኮምፒዩተር ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለ በገደምዳሜ ሲነግሯት ናዝራዊት አላለቀሰችም። አልጋዋ ላይ ተደግፋ ድምጿን መቅዳት ጀመረች። ለሆሳዕና ተረት ትቀዳለች። ተረቱን ከማንም አልሰማችውም፣ ከራሷ ነው፤ ወያላ ስለሆነ አንድ ጅብ። ጅቡ አየር ጤና ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ “ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች፣ አንድ ሰው የቀረው!” እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪው ግን ጥርሱን እያየ ወደኋላ ይላል። ናዝራዊት የወያላውን ድምፅ ስታወጣ ሳል ያቋርጣታል። ሳሉንም አላጠፋችውም፤ “ጅቡ ጉንፋን ይዞት ነው” ብላ ትቀጥላለች።

“የት ነው የምታስቀምጪው?” አለቻት ፀዳለ ያኔ።

“እዚሁ ላፕቶፑ ላይ።”

“ሌባ ቢገባስ? ውሃ ቢደፋበትስ? ይቺ ልጅ ወለል ላይ ብትጥለውስ?”

ናዝራዊት ሳቀች። “እማ፣ አንቺ እኮ ገነት ብትገቢም መጀመሪያ አጥሩን ነው የምታዪው።” ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና “እሺ፣ ሰርቨር ተከራይቼ እዚያ አደርገዋለሁ። እዚያ ሌባ አይገባም፣ ውሃም አይደፋም። ላፕቶፑ እዚያ እየሄደ እያመጣ ያሰማችኋል እንጂ እሱ ጋ ምንም አይቀመጥም። ቢሰረቅም ሌላ ይገዛል” አለች።

ፀዳለ በዚህ ተረጋጋች። ከመረጋጋቷ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ ሁልጊዜም አላት።

“ላፕቶፑ ሄዶ ሲያንኳኳ ሌላ ሰው ቢመልስለትስ?”

“ጠብቄሽ ነበር” አለች ናዝራዊት። “አንቺ በር ሲንኳኳ ምን ትያለሽ?”

“ማነው እላለኋ።”

“እነሱስ?”

“እኔ ነኝ ይላሉ።”

“እኔ ነኝ ብሎ መልስ አለ? ሌባውም እኔ ነኝ ነው የሚለው። ግን ጎረቤታችን ፋሪዳ እኔ ነኝ ስትልሽ ትከፍቻለሽ። ለምን?”

“ድምጿን አውቀዋለሁ።”

“አየሽ። ሰርቨሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱን ሆዱ ውስጥ ነው የሚደብቀው፤ ለማንም አያሳይም። ሌላውን ለመጣው ሁሉ ያሳያል። ላፕቶፑ ያንን የሚታየውን ቁልፍ መጀመሪያ ቀን አይቶ ይዞታል። በሄደ ቁጥር ያስተያየዋል። ያው ከሆነ ይገባል። ካልሆነ ደጅ ቆሞ ይጮሃል እንጂ አይገባም። የሚታየውን ቁልፍ አስመስሎ የሚመጣ ቢኖር እንኳ የሆዱን ስለሌለው ይጋለጣል።”

“መጀመሪያ ቀን ያየው ራሱ ሌባ ቢሆንስ?”

“እማ ሙች፣ አንቺን ነበር መሥሪያ ቤታችን መቅጠር የነበረበት! መጀመሪያ ቀን ከድርጅቱ ጋር በስልክ አስተያይቼዋለሁ። አሁን ልተኛ?”

ናዝራዊት ስትሞት ሆሳዕናን ለቅሶው እስኪያልፍ ሆለታ፣ የአባቷ እናት ዘንድ ላኳት። ስትመለስ “እናትሽ ለሕክምና ሩቅ አገር ሄዳለች” አሏት። ከዚያ ወዲህ ከኬጂ በመጣች ቁጥር እግሯን ታጥባ፣ ቆሎዋን ይዛ፣ አያቷ ጉያ ትገባለች። ፀዳለ ላፕቶፑ ላይ ናዝራዊት ያዘጋጀችላትን ትንሽ ቀይ የበር ሥዕል ትጫናለች። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ነጭ ፊደል ይሮጥበታል፣ ከዚያ ስሞች ይደረደራሉ። አንዱን ሲጫኑት ናዝራዊት ትመጣለች።

ከስሞቹ ግን ፀዳለ ያልከፈተቻቸው ነበሩ። “ጥርስሽ ሲነቀል” የሚል አለ። “አንደኛ ክፍል ስትገቢ” የሚል አለ። “አያትሽን ስታናድጃት” የሚል አለ፤ ይሄንን ባየች ቁጥር ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ጣቷ ይበላታል። ከሁሉ ግርጌ “ሴት ስትሆኚ” የሚል አለ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢደመጥ ያልቃል፣ ካለቀ ደግሞ ናዝራዊት ሁለተኛ ትሞታለች ብላ ፈራች። ስለዚህ ቆጠበችው። የወያላው ጅብ ተረት እየተደጋገመ እንዲሰማ አደረገች፤ ሌላውን ለቀኑ አቆየችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዩን በር ተጫነች። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ፤ ስሞቹ ግን አልመጡም። በምልክት እንደ አጥር የታጠረ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችበት እንግሊዝኛ ሁሉንም ባያስነብባትም “ማስጠንቀቂያ” የሚለውን አየች፤ “ተለውጧል” የሚለውን አየች፤ “አንድ ሰው ክፉ ነገር እየሠራ ሊሆን ይችላል” የሚለውንም አየች። ደግማ ተጫነች። ያው ነው። ደግማ ተጫነች።

“እማማ” አለች ሆሳዕና ቆሎዋን እያኘከች፣ “እማዬ እንቢ አለች?”

“ኧረ እንቢ አላለችም። ሂጂ እስኪ ፋሪዳ ቤት ትንሽ ተጫወቺ።”

“እንቢ ካላለች ለምን እሄዳለሁ?”

“ሂጂ አልኩሽ!”

ሆሳዕና ተቆጥታ ወጣች። ፀዳለ ሜቲ ጋ ደወለች። ሜቲ የናዝራዊት የሥራ ባልደረባና የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ከሞተች በኋላም እግሯ ከቤቱ አልተቋረጠም። ጦር ኃይሎች ካለው ቢሮዋ ወጥታ፣ ታክሲ ውስጥ ተጋፍታ፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች።

“እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ተቃጠለብን?” አለች እየሳቀች። “ባለፈው ጋዝ ፈነዳ ብለው ያስጠሩኝ እኮ የፋሪዳ ድስት ክዳን ነበር የወደቀው።”

“ሳቂ፣ ሳቂ። መጥተሽ እዪው።”

ሜቲ ጎንበስ ብላ አነበበች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ሌባ ነው አይደል?” አለች ፀዳለ። “የልጄን ድምፅ ሰረቁት። አልኳት እኮ! አጥር የሌለው ነገር ምኑ ይታመናል አልኳት።”

“ቆይ እትዬ፣ አይቸኩሉ። ላፕቶፑ የሚለው እንዲህ ነው፤ ሄጄ አንኳኳሁ፣ በዚያው አድራሻ አንድ ሰርቨር መለሰልኝ፣ ያሳየኝ ቁልፍ ግን እኔ የማውቀው ቁልፍ አይደለም። ስለዚህ አልገባም።”

“በዚያው ቤት ሌላ ሰው ተቀምጧል ማለት ነው።”

“ወይ እንደሱ ነው፣ ወይ ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ሰው ቆሞ እኔ ነኝ እያለ ያታልለናል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆነን አናውቅም።”

“ከየት ሆነን ነው የምናውቀው ታዲያ?”

“በሌላ መንገድ እንጠይቃለን። ሰርቨሩን ላከራያት ድርጅት በስልክ ደውለን የሰርቨራችሁን ቁልፍ አሻራ አንብቡልን እንላለን። ቁልፉ ራሱ ረጅም ነው፤ አሻራው አጠር ያለ ነው፣ አንድ መስመር ፊደልና ቁጥር። እነሱ የሚያነቡልንና ይሄ ስክሪን ላይ ያለው ከተለያየ፣ መንገድ ላይ የቆመ አታላይ አለ ማለት ነው። የናዝሬ ሰርቨር ሳይነካ ከጀርባው ሊኖር ይችላል።”

“ከገጠመስ?”

ሜቲ ጸጉሯን ወደኋላ አስያዘች። “ከገጠመ የድርጅቱ የራሱ ማሽን ነው። አታላይ የለም። ግን አዲስ ነው።”

“አዲስ ከሆነ የድሮው የት ሄደ?”

“እሱን እንጠይቃቸዋለን።”

ፀዳለ በዕድሜዋ ሙሉ ክፉውን አስቀድማ ስታስብ ኖራለች፤ አሁን ግን ከሁለቱ የቱ ክፉ እንደሆነ ጠፋት። ሌባ ብላ የፈራችው ሌባ ድንገት ዘመድ መሰላት። “እመቤቴ፣ አይግጠም” አለች በልቧ። “ሌባ ይሁን። ሌባ ከሆነ የሰረቀውን ይዞታል።”

ሜቲ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ደመቀ ነኝ ያለ ወጣት አነሳ። ድምፁ ጨዋ ነው። የሰርቨሩን አድራሻ ነገረችው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲጽፍ ተሰማ።

“አሻራው ከፊቴ አለ። ላንብብልሽ?”

“ቀስ እያልክ።” ሜቲ ወደ ፀዳለ ዞረች። “እትዬ፣ እርስዎ ጣትዎን እዚህ መስመር ላይ ያድርጉ። እሱ ሲያነብ እኛ እናያለን።”

“ትልቁ ኤም” አለ ደመቀ።

የፀዳለ ጣት ትልቁ ኤም ላይ ነበር።

“ትንሿ ኪው። ሰባት።”

ትንሿ ኪው። ሰባት።

“አንዳንዴ መጀመሪያው ይገጥማል” አለች ፀዳለ በሹክሹክታ።

“ትልቁ ዜድ። ትንሿ ኤፍ። መደመር ምልክት።”

ወጣቱ ያነባል፣ የፀዳለ ጣት ይሄዳል። በየፊደሉ ላይ ተሳስቶ በሆነ እያለች ትጠብቃለች፤ በየፊደሉ ይገጥማል። አንድ ቦታ ላይ ዘጠኝ ሲል እሷ ስክሪኑ ላይ ያለው ትንሿ ጂ መስሏት “ተለየ! ሜቲዬ፣ ተለየ!” ብላ ክንዷን ያዘቻት። ሜቲ ጎንበስ ብላ አየች። “ዘጠኝ ነው እትዬ” አለች። “ቅርጹ ነው።” ከዚያ በኋላ ፀዳለ ማየት አልቻለችም። ጣቷን ብቻ ሜቲ ይዛ እስከ መስመሩ ጫፍ ወሰደችላት።

“ጨረስኩ” አለ ደመቀ። “ገጠመ?”

“ገጠመ” አለች ሜቲ።

“በጣም ጥሩ! እንግዲህ ምንም ችግር የለም፤ የራሳችን ማሽን ነው። አሮጌውን ቁልፍ ከላፕቶፕሽ አጥፊውና አዲሱን ተቀበዪ።”

“በድሮው ማሽን ላይ የነበረውስ?”

“የድሮዎቹ ማሽኖች ተነሥተዋል። አርጅተው ነበር። ዲስኮቹ የያዙት ሁሉ ተደምስሶ ነው የወጡት፣ ለደንበኛ ደኅንነት ሲባል። ደንበኞች ቀድመው ፋይላቸውን እንዲያነሡ ለሁሉም ኢሜይል ልከናል። ያልመለሱልን ጋ ደግሞ ደውለናል።”

“ለናዝራዊት ደውላችኋል?”

“እኔው ነኝ የደወልኩት። ትዝ ይለኛል፣ እናቷ ናቸው ያነሡት። ‘ለጊዜው የለችም፣ እነግራታለሁ’ አሉኝ።”

ሜቲ ቀና አለች። ፀዳለ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ስልኩን ታያለች።

ነበር። ደውሎ ነበር። የናዝራዊትን ስልክ ፀዳለ ቻርጅ እያደረገች ነበር የያዘችው፤ ቢዘጋ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብላ ስለምትፈራ። ያን ቀን ዘነበወርቅ ፌርማታ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ ጮኸ። “ናዝራዊት ናት?” አለ አንድ ጨዋ ድምፅ። ምን ትበለው? መርዶ በስልክ አይነገርም። ለዘመድ እንኳ ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ፣ አስቀምጠውት ነው የሚነግሩት። ለማያውቁት ሰው ልጅ፣ በፌርማታ፣ በመኪና ጡሩንባ መሃል “ሞታለች” ይባላል? አፏም አይታዘዝላትም ነበር፤ ያችን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ከአፏ አላወጣችም። “ለጊዜው የለችም” አለችው። “እሺ እናቴ፣ ፋይሎቿን ቶሎ እንድታነሣ ይንገሩልኝ፣ ቦታውን ልንለቅ ነው” አላት። ፋይል ለፀዳለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ የሚከመር ካርቶን ነው። የናዝራዊት የድሮ መሥሪያ ቤት ወረቀት ሊጥሉ ነው ብላ አሰበች። ይጣሉታ፣ ምን ያደርግልኛል አለች በሆዷ። ለልጁ ግን “እነግራታለሁ” አለችው።

ቃሏንም ጠብቃለች። የዚያን ዕለት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ፊት ቆማ “ናዝሬ፣ የሥራ ሰዎች ደውለው ነበር። ፋይልሽን አንሺ ብለውሻል” ብላ ነግራታለች።

“እትዬ” አለች ሜቲ።

“እኔ ነኝ” አለች ፀዳለ። “እኔ ነኝ ያስጠፋኋት።”

ደመቀ በስልኩ ውስጥ “ሃሎ?” አለ። “ይቅርታ፣ ምን ተፈጠረ?”

“ናዝራዊት ሞታለች” አለች ሜቲ። “ስትደውልም ሞታ ነበር። እዚያ ላይ የነበረው ለልጇ የቀዳችው ድምጿ ነው።”

“ነፍስ ይማር” አለ ደመቀ። “እኔ… እናቷ እነግራታለሁ ሲሉኝ… በእግዚአብሔር፣ አላወቅኩም።” አለቃዬን እጠይቃለሁ አለ፣ መልሶ ደወለ፣ ያንኑ ደገመ። ዲስኮቹ የሉም። የትም የሉም። ሜቲ ላፕቶፑን ከላይ እስከታች ፈተሸችው፤ የናዝራዊትን ስልክ ፈተሸችው፤ የሥራ ኢሜይሏ ከሞተች በኋላ ተዘግቷል። ስትቀዳበት የነበረው መተግበሪያ ባዶ ነው፤ እያንዳንዱን ቀረጻ ወደ ሰርቨሩ ስታሻግር ከስልኩ እያጠፋች ነበር፤ የስልኩ ቦታ ጠባብ ነበርና።

“እኔ ጋ ቴሌግራም ላይ የላከችልኝ ድምፅ አለ” አለች ሜቲ ዓይኗን እየጠራረገች። አንዱን ከፈተችው። “ሜቲዬ፣ ሙች እልሻለሁ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ሰርቨሩን ራሱ ነቅሎ ሻይ ማፍያ ሰካበት!” አለች ናዝራዊት፣ ጤነኛ፣ ቀልጣፋ፣ በሳቅ ፍርስ ብላ። ፀዳለ አብራት ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ፊቷ ላይ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። ላኪልኝ አለች። ላከችላት። ግን ይሄ ለሜቲ የተባለ ነው። ለሆሳዕና የተባለው፣ ጥርሷ ሲነቀል፣ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ሴት ስትሆን የምትሰማው፣ ማንም ሳይሰማው ሄደ። ምን እንደሚል እንኳ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ የለም። ቆጥቤ ነው የጨረስኩት አለች በልቧ። ሁሉንም ባንድ ቀን ብሰማው ኖሮ ቢያንስ በኔ አፍ ይነገራት ነበር።

“የድሮውን ቁልፍ ላጥፋው?” አለች ሜቲ። “እንዲህ እየጮኸ ከሚያስደነግጥዎ።”

“ብታጠፊው ምን ይሆናል?”

“አዲሱን ተቀብሎ ይገባል።”

“ገብቶስ?”

“ባዶ ነው።”

“ተዪው እንግዲህ። ልክ ነው ያለው። እሷ አይደለችም አለን፤ አይደለችም።”

የውጭው በር ተንኳኳ። ሜቲ ልትከፍት ስትነሣ የሆሳዕና ድምፅ ከግቢው ተሰማ፤ ፋሪዳ በሩ ድረስ አድርሳት ተመልሳለች።

“ምን እንበላት?” አለች ሜቲ በፍጥነት። “ኔትወርክ የለም እንበላት። ለዛሬ ይበቃል። ነገ ደግሞ…”

“ነገ ደግሞ ምን?”

ሜቲ ዓይኗን ዳግመኛ ጠራረገች።

ሆሳዕና ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ሄደች። ጥቁሩን መስኮት አየችው፤ አያቷን አየቻት፤ የሜቲን ቀይ ዓይን አየች።

“እሺ አለች?”

ፀዳለ “ኔትወርክ” ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ወጣ፣ ግማሹ፣ ከዚያ ቆመ። ይቺ ልጅ ነገም ትጠይቃለች። ከነገ ወዲያም ትጠይቃለች። እናቷ እንቢ እንዳለቻት፣ ሩቅ አገር ሆና ልጇን ማናገር እንደጠላች እያሰበች ታድጋለች። ከዚያ የሚከፋ ክፉ፣ ለዚያች ሁሉን ለምትፈራ ሴት እንኳ፣ አልታያትም። ሽማግሌ የለም። ማለዳም አይደለም። እሷው ብቻ ናት።

“ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ” አለቻት። ጉያዋ ውስጥ አስገባቻት። “እማዬ እንቢ አላለችም። እማዬ ሕክምና አልሄደችም። እናትሽ ሞታለች፣ ሆሲዬ።”

ሜቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሆሳዕና ትንሽ አሰበች። ግንባሯን አኮማተረች።

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም አልነገረኝም። እጇን ይዣት ነበር።”

“አንቺ አይተሻል?”

“አይቻለሁ።”

ፀዳለ ጩኸቱን ጠበቀች። ክንዷን አጠንክራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ልጅቷ እስክትፈነዳ ጠበቀች። ሆሳዕና ግን አልጮኸችም። ጉያዋ ውስጥ ዞረች፣ ተንበረከከች፣ የቆሎ ጨው ያለበትን ትንሽ እጇን አንሥታ የአያቷን አፍ ከደነችው፤ ሌላ ቃል እንዳይወጣ አጥብቃ ያዘችው።